በአሜሪካ ስለሚገኙ አነስተኛ የልዩ ትምህርት አጸደ ሕፃናትና በውስጣቸው ስለሚማሩት ልጆች

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



ስለ አንድ ትምህርት ቤት ወሬ ሲነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የተማሪውን ቁጥር ነው። በተለይም እኛ በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች ሪፖርት በቀረበልን ጊዜ ዐይናችን ከሁሉ በፊት የሚያርፈው በሠንጠረዡ ግርጌ በተጻፈው ድምር ላይ ነው። ድምሩ የበዛ እንደ ሆነ ሥራው የበዛ ይመስለናል፤ ያነሰ እንደ ሆነ ግን «ለዚህ ያህል ልጅ ይህን ያህል ሠራተኛ ምን ያደርጋል?» ማለታችን አይቀርም። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ይህን አቈጣጠራችንን የሚፈታተን ነው።

በአሜሪካ የትምህርት አስተዳደር በየአካባቢው ለተቋቋሙ የትምህርት አውራጃዎች የተሰጠ ነው። ከእነዚህም አውራጃዎች በብዙዎቹ መዝገብ ውስጥ፣ አንድ ሺሕና ሁለት ሺሕ ተማሪ ከሚያስተምሩት ትምህርት ቤቶች ተርታ፣ አርባ ወይም ስድሳ ልጆች ብቻ የተጻፉበት ትምህርት ቤት ይገኛል። አንደኛ ክፍል፣ ሁለተኛ ክፍል የሚባል ደረጃ የለውም፤ የፈተና ውጤት በሚጻፍበት ዐምድ ላይ ሰረዝ ብቻ ይታያል፤ የመምህራኑና የረዳቶቹ ቁጥር ግን ከተማሪው ቁጥር ጋር ሲነጻጸር እጅግ የበዛ ነው። ነገሩን የማያውቅ ሰው ሊዘጋ የተቃረበ ትምህርት ቤት ሊመስለው ይችላል። ይህ ግን ዕድሜያቸው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሆኑ፣ በአካል ወይም በአእምሮ፣ በመስማት ወይም በመናገር፣ ወይም ከሰው ጋር በመግባባት ረገድ ጉዳት ወይም መዘግየት የተገኘባቸው ሕፃናት ያለ ክፍያ የሚማሩበት የመንግሥት አጸደ ሕፃናት ነው።

ይህ የሩቅ አገር ነገር ለአዲስ አበባ አንባቢ ምን ይረባዋል የሚል ቢኖር መልሱ ቅርብ ነው። ከመካከላችን በዋሽንግተንና በዙሪያዋ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ በሲያትል ወይም በሚኒሶታ እኅት፣ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ የሌለው ሰው ጥቂት ነው። ከእነዚህ ዘመዶቻችን ልጆችም እንዲህ ባለው ትምህርት ቤት የሚማሩ አሉ። ስልክ ሲደወል ግን ይህ ወሬ አይነገርም፤ ቢነገርም በሹክሹክታ ነው።

ትምህርት ቤቱ በደግ ሰዎች ምጽዋት ሳይሆን በሕግ ግዴታ የተቋቋመ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በአሜሪካ ብዙ ትምህርት ቤቶች አንድን ልጅ «ሊማር የማይችል ነው» ብለው ከበር ይመልሱት ነበር። በ1971 በዋሽንግተን ከተማ በሰባት ልጆች ስም የከተማው የትምህርት ቦርድ በፍርድ ቤት ተከሰሰ። በጊዜው በቀረበው ግምት መሠረት በከተማው ውስጥ ጉዳት ካለባቸው 22,000 ያህል ልጆች መካከል እስከ 18,000 የሚደርሱት የሚገባቸውን ትምህርት አያገኙም ነበር። ቦርዱ ያቀረበው መከላከያ ለማናችንም እንግዳ አይደለም፤ በጀት የለም የሚል ነበር። ዳኛው ጆሴፍ ዋዲ በ1972 በሰጡት ፍርድ ገንዘቡ ለሁሉ የማይበቃ ከሆነ ማንም ልጅ ፈጽሞ ሳይማር እንዳይቀር ሆኖ ይከፋፈል፤ የጉድለቱም ሸክም ጉዳት ባለበት ልጅ ላይ ከሌላው ይልቅ ሊከብድ አይገባም ሲሉ ወሰኑ። «በጀት የለም» የሚለው ቃል በየመዝገብ ቤቱ ስንት ጊዜ ተጽፎ እንደሚገኝ ለሚያውቅ ሰው ይህ ፍርድ ተደግሞ ሊነበብ የሚገባው ነው።

ከዚህና በፔንሲልቬኒያ ከተሰጠው ተመሳሳይ ውሳኔ በኋላ ጉዳዩ ወደ አገሪቱ ምክር ቤት ደረሰ። ምክር ቤቱም ባደረገው ምርመራ ጉዳት ካለባቸው ከስምንት ሚሊዮን በላይ ልጆች ውስጥ አንድ ሚሊዮን የሚሆኑት ከሕዝብ ትምህርት ቤት ፈጽሞ ውጭ መሆናቸውን ገለጸ። ኅዳር 29 ቀን 1975 ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ በፈረሙት ሕግ እያንዳንዱ ጉዳት ያለበት ልጅ ነጻና ለእርሱ ተገቢ የሆነ ትምህርት የማግኘት መብት ተሰጠው። ይሁን እንጂ ይህ ሕግ ስለ ሦስት፣ ስለ አራትና ስለ አምስት ዓመት ሕፃናት ሲናገር ለክፍለ ግዛቶቹ ሰፊ መውጫ በር ትቶላቸው ነበር። በሩ የተዘጋው በ1986 በወጣው ማሻሻያ ነው፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያም ክፍለ ግዛቶቹ ሁሉ ከሦስት ዓመት ጀምሮ ማስተማር ግዴታቸው ሆነ። እንግዲህ እነዚያ ትንንሽ አጸደ ሕፃናት በብዛት የተስፋፉት ከዚህ ማሻሻያ በኋላ ነው።

ሕጉ አንድ ለየት ያለ ጠባይ አለው። ለትምህርት ቤት ብሎ ልጅ አይፈልግም፤ ለልጁ ብሎ ትምህርት ቤት ይፈልጋል። ይኸውም እንዲህ ነው። የትምህርት አውራጃው ጉዳት አለባቸው ተብለው የሚጠረጠሩትን ልጆች ራሱ ፈልጎ የማግኘት ግዴታ አለበት፤ ወላጅ ደጅ እስኪጠና ድረስ መጠበቅ አይፈቀድለትም። ወላጅ፣ ሐኪም ወይም ሞግዚት ጥርጣሬውን ሲያስታውቅ አውራጃው ወላጁን በጽሑፍ አስፈቅዶ ልጁን በነጻ ይመረምራል፤ ክፍለ ግዛቱ ሌላ የጊዜ ገደብ ካላወጣ በቀር ምርመራው በ60 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። ጉዳቱ ከተረጋገጠ ወላጁና መምህራኑ፣ ባለሙያዎቹና የአውራጃው ተወካይ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ለዚያ ልጅ ብቻ የሚሆን የትምህርት ዕቅድ ይጽፋሉ። በዕቅዱም ውስጥ ልጁ በዓመት ውስጥ ሊደርስበት የሚታሰበው ግብ፣ በሳምንት ስንት ደቂቃ ከንግግር ባለሙያ ጋር እንደሚቀመጥ፣ የሚማርበትም ቦታ ሁሉ ይዘረዘራል። ዕቅዱ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይታደሳል። ወላጅ ያልተስማማ እንደ ሆነ አቤት የሚልበት ሥርዐት አለ።

የትምህርት ቤቱ ትንሽነት ከዚህ የመጣ ነው። በር ከፍቶ የመጣውን ሁሉ የሚመዘግብ አይደለም፤ እያንዳንዱ ልጅ በራሱ ዕቅድ፣ በራሱ ፊርማ አንድ በአንድ የሚገባበት ነው። የክፍሉም ብዛት በደንብ የተወሰነ ነው። ለምሳሌ ያህል በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ለእነዚህ ሕፃናት የሚቋቋም ልዩ ክፍል ከ12 ልጆች እንዳይበልጥ፣ ከመምህሩም ሌላ ቢያንስ አንድ ረዳት እንዲኖርበት ተደንግጓል። ብዙ ልጆች ደግሞ የሚማሩት ግማሽ ቀን ብቻ ነው፤ አንዱ ክፍል ጠዋት አንድ ቡድን፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ቡድን ይቀበላል።

ስለ ቁጥሩ አንድ ሌላ ነገር እንጨምር፤ ሠንጠረዥ ለሚያነብ ሰው ይህ ዋና ነገር ነው። መደበኛው ትምህርት ቤት በመስከረም ተማሪውን መዝግቦ ዓመቱን ይዘልቃል። ይህኛው ግን በዓመቱ መጀመሪያ ጥቂት ልጆች ይዞ ይነሣና እስከ መዝጊያው ድረስ እየጨመረ ይሄዳል። ምክንያቱም ከልደት እስከ ሦስት ዓመት ድረስ በቤታቸው ሲረዱ የቆዩ ሕፃናት ሦስት ዓመት በሚሞላቸው ዕለት ዕቅዳቸው ተዘጋጅቶ መገኘት ስላለበት ነው። የልደት ቀን ደግሞ መስከረምን አይጠብቅም። መንግሥት ቈጠራውን የሚያደርገው ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ውስጥ ክፍለ ግዛቱ በመረጠው በአንድ ዕለት ነው። ስለዚህ በመዝገብ ላይ አርባ ተብሎ የተጻፈው ትምህርት ቤት በግንቦት ሲጐበኝ ስድሳ ልጆች ቢገኙበት መዝጋቢው ዋሽቷል አያሰኝም። በአምስት ዓመታቸው ደግሞ ሁሉም ይወጣሉ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ የተማሪው ስም ከሞላ ጐደል በሙሉ የሚለወጥበት ትምህርት ቤት ነው።

በውስጡ የሚገኙት እነማን ናቸው? ሰው እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ሲባል በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጡ ወይም ዐይናቸው የማያይ ልጆች የሞሉበት ይመስለዋል። እነዚህም አሉ፤ ነገር ግን ጥቂቶች ናቸው። በዚህ ዕድሜ ልዩ ትምህርት ከሚሰጣቸው የአሜሪካ ልጆች የሚበዙት በሁለት ስም የተመዘገቡ ናቸው። አንደኛው የንግግርና የቋንቋ ችግር ነው፤ ሁለተኛው «የዕድገት መዘግየት» ይባላል። ሁለተኛው ስም ብልኅ ሰው ያወጣው ይመስለኛል። የሦስት ዓመት ልጅ ጉዳቱ ምን እንደሚባል ገና በትክክል ሊታወቅ አይችልም፤ ስለዚህ ሕጉ ለሐኪም ስያሜ ሳይቸኩል «ዘግይቷል፤ እርዳታ ይሻል» ብሎ እንዲያስተምረው ፈቅዷል። ስሙም እስከ ዘጠኝ ዓመት ድረስ ብቻ የሚሠራ ነው። በሦስተኛ ደረጃ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ይመጣሉ፤ የእነዚህ ቁጥር ባለፉት ሃያ አምስት ዓመታት እጅግ ጨምሯል። የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣን በክትትል ጣቢያዎቹ በ2000 ከ150 የስምንት ዓመት ልጆች አንዱን፣ በ2022 ግን ከ31 ልጆች አንዱን ቈጥሯል። ከጭማሪው አብዛኛው የምርመራው መስፋትና የዕውቀቱ መዳበር ያመጣው ነው ቢባል አያሳስትም።

የወንዶቹ ቁጥር የሴቶቹን በብዙ መብለጡም የሚያስገርም ነው። በዚህ ዕድሜ ልዩ ትምህርት ከሚሰጣቸው ልጆች ከአሥሩ ሰባቱ ያህል ወንዶች ናቸው። ኦቲዝም በወንዶች ላይ ተገኝቶ የሚመዘገበው ከሴቶቹ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው፤ የንግግር መዘግየትም በወንዶች ይበዛል። ነገር ግን ሌላም ምክንያት አለ። የሚጮኸውና የሚወራጨው ልጅ ቶሎ ይታያል፤ ከጥግ ተቀምጣ ዝም የምትለው ልጅ ግን «ጨዋ ናት» ተብላ ትታለፋለች። ይህች ጨዋነት ስንቷን ልጅ እንዳስቀረች የሚነግረን ሠንጠረዥ የለም።

ወደ ክፍሉ እንግባ። ወንበሩና ጠረጴዛው ከጕልበት አይበልጥም፤ በግድግዳው ላይ የዕለቱ ሥራ በጽሑፍ ሳይሆን በሥዕል ተራ በተራ ተለጥፏል፤ ጫማ ማውለቅ፣ እጅ መታጠብ፣ ምንጣፍ ላይ መቀመጥ፣ መጫወት፣ መብላት፣ ወደ ቤት መሄድ። አንዱ ሥራ ሲያልቅ ልጁ ሥዕሉን ራሱ ነቅሎ ከሣጥን ይከተዋል። ለሌላው ሰው ይህ ጨዋታ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ባለማወቅ ለሚጨነቅ ልጅ ግን የቀኑ ካርታ ነው። በቁርስ ሰዓት መምህሯ ብስኵቱን በሰሐን ሞልታ አታቀርብም። አንዲት ብቻ ትሰጥና ትጠብቃለች። ልጁ ቀና ብሎ ካያት፣ እጁን ከዘረጋ፣ ወይም የብስኵት ሥዕል ያለበትን ካርድ ከሰጣት «ጨምሪልኝ» እንዳለ ተቈጥሮለት ይጨመርለታል። ነገ ደግሞ ከካርዱ ጋር አንድ ድምፅ ትጠብቃለች። ከነገ ወዲያ ብስኵቱን በቀላሉ በማይከፈት ጠርሙስ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፤ ልጁ እርዳታ እንዲለምን ነው። ከውጭ ለሚመለከት ሰው ልጅ የሚያስርቡ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን ቋንቋ የሚወለደው ከፍላጎት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው፤ ሁሉም ነገር ሳይጠየቅ የሚቀርብለት ልጅ ለመናገር ምን ያስቸኵለዋል?

በዚያው ሰዓት አንድ የእጅ ሥራ ባለሙያ የጣቶቹ ጡንቻ የደከመውን ልጅ ከሸክላ ጭቃ ውስጥ ዶቃ እንዲያወጣ ታሠለጥነዋለች፤ ሌላ ባለሙያ ደግሞ መራመድ የሚከብዳትን ልጅ ደረጃ ያለማምዳታል። ረዳቷ የአንዱን ልጅ የሽንት ጨርቅ ለመለወጥ ወጥታለች። ለዐሥር ልጆች አራት ሰው ለምን እንዳስፈለገ የሚጠይቅ ቢኖር አንድ ጠዋት ከዚያ ቢቀመጥ መልሱን ያገኘዋል።

ይህ ሁሉ ድካም ፍሬ አለው ወይ? ቀደምት የሆኑትን ሁለት ምርመራዎች እንጥቀስ፤ ሁለቱም የተደረጉት በጥቂት ልጆች ነው። የልዩ ትምህርት ሊቅ የሆኑት ሳሙኤል ኪርክ በ1949 በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት የጀመሩት ጥናት ዕድሜያቸው ከሦስት እስከ ስድስት የሆኑ፣ በአእምሮ ዕድገት ወደ ኋላ የቀሩ 81 ሕፃናትን የያዘ ነበር። ከእነዚህም 43ቱ አጸደ ሕፃናት ገቡ፤ የቀሩት አልገቡም። በ1958 በታተመው ውጤት መሠረት ከገቡት 43 ውስጥ 30ዎቹ ዕድገታቸው ፈጠነ። ሁለተኛው በሚቺጋን፣ በኢፕሲላንቲ ከተማ ከ1962 እስከ 1967 የተካሄደው የፔሪ አጸደ ሕፃናት ሥራ ነው። ይህን የጀመሩት የከተማው ትምህርት ቤቶች የልዩ አገልግሎት ኀላፊ የነበሩት ዴቪድ ዋይካርት ናቸው። ልጆቹ ድኾች ጥቍር አሜሪካውያን ሲሆኑ በአእምሮ መመዘኛ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኙና ወደ ፊት በትምህርት ይወድቃሉ ተብለው የተፈሩ ነበሩ። በጠቅላላው 123 ሲሆኑ 58ቱ በዕጣ ገቡ፣ 65ቱ ቀሩ። መምህራኑ ጠዋት ካስተማሩ በኋላ በየሳምንቱ ወደ እያንዳንዱ ልጅ ቤት እየሄዱ ከእናቲቱ ጋር ይቀመጡ ነበር።

ውጤቱ መጀመሪያ አስደሰተ፤ ከዚያም አሳዘነ። የአእምሮ መመዘኛው ነጥብ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሌሎቹ ጋር እኩል ሆነ። በዚያን ጊዜ ሪፖርት ጽፎ መዝገቡን የዘጋ ሰው «ሥራው ከንቱ ነው» ብሎ በዘጋ ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን እነዚያኑ ሰዎች እስከ አርባ ዓመታቸው ድረስ ተከታተሏቸው። አጸደ ሕፃናት ከገቡት ውስጥ 77 በመቶው፣ ካልገቡት ግን 60 በመቶው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ፈጽመው ተገኙ፤ በሥራ፣ በገቢና ከወንጀል በመራቅም የገቡት በልጠው ታዩ። 123 ሰው ለአንድ አገር ሕግ ማስረጃ መሆን ይበዛበታል የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ አነጋገራቸውም ከእውነት የራቀ አይደለም። በበኩሌ የሚገርመኝ የልጆቹ ማነስ ሳይሆን ተከታታዮቹ አርባ ዓመት መታገሣቸው ነው።

ስለ ትምህርት ቤቱ የሚነሣውን ነቀፌታም ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባም። ሕጉ ራሱ ጉዳት ያለበት ልጅ በተቻለ መጠን ጉዳት ከሌለባቸው ልጆች ጋር እንዲማር ያዛል። ታዲያ መናገር የማይችሉ ዐሥር ልጆችን በአንድ ክፍል ብንሰበስብ ከማን አፍ ሰምተው ይናገራሉ? በዚህ ምክንያት ብዙ አውራጃዎች የሠፈሩን ልጆች በዕጣ ወይም በክፍያ አስገብተው ከእነዚህ ጋር እያቀላቀሉ ያስተምራሉ፤ ሌሎቹም ልጁን በመደበኛው አጸደ ሕፃናት ትተው ባለሙያዋን ወደዚያ ይልካሉ። ነቀፌታው ትክክል ይመስለኛል፤ ሆኖም ጩኸት የበዛበት ሠላሳ ልጅ ያለበት ክፍል ጆሮውን ይዞ እንዲያለቅስ የሚያደርገው ልጅም መኖሩ አይካድም። ስለ ገንዘቡ ደግሞ በአጭሩ፤ የፌዴራሉ መንግሥት በ1975 ለአንድ ተማሪ ከሚወጣው አማካይ ወጪ እስከ 40 በመቶ ለመርዳት ቃል ገብቶ ነበር፤ ቃሉ እስከ ዛሬ አልተፈጸመም። ቀሪውን አውራጃዎቹና ክፍለ ግዛቶቹ ይሸከሙታል።

አሁን ወደ ዘመዶቻችን ልጆች እንመለስ። በሜሪላንድ የሞንትጎመሪ አውራጃ ትምህርት ቤቶች ለወላጅ የሚላኩ ማስታወቂያዎች በአማርኛም ይተረጐማሉ፤ በዋሽንግተን ከተማም በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት አማርኛ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። የአማርኛ ተናጋሪ ቤት ልጅ ለምርመራ ሲቀርብ ግን ሁለት አደጋ አለበት፤ አንዱ ሳይኖርበት አለበት መባል፣ ሁለተኛው እያለበት የለበትም መባል ነው።

የመጀመሪያውን እንይ። መርማሪው የሁለት ዓመት ልጅ ሁለት ቃል ማጋጠም አለበት ብሎ ይቈጥራል። የእኛ ልጅ «አልፈልግም» ሲል አንድ ቃል ተናገረ ተብሎ ይጻፋል፤ እንግሊዙ ይህን ለማለት ሦስት ቃል ያስፈልገዋል። «አልሰጠችኝም» በምትለው በአንዲት ቃል ውስጥ አድራጊዋ፣ ተቀባዩና አሉታው ሁሉ አሉ። እንደዚሁም ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸ የሚሉትን ፈንጂ ድምፆች የማያውቅ ጆሮ የአነጋገር ስሕተት አድርጎ ሊመዘግባቸው ይችላል። በእንግሊዝኛው ቃል መነሻ ላይ «እ» ጨምሮ «እስኩል» የሚል ልጅ ምላሱ የታሰረ አይደለም፤ እናቱን የመሰለ ነው። በትልቅ ሰው ፊት ዐይኑን ሰበር የሚያደርግ ልጅ በእኛ ዘንድ የተቀጣ ነው፤ በመመርመሪያው ወረቀት ላይ ግን «ዐይን ለዐይን አይተያይም» ይባላል። እስከ ሦስት ዓመቱ በጉርሻ ያደገውም ልጅ ማንኪያ በመያዝ ዘግይቷል ይባል ይሆናል። ሕጉ ምርመራው ልጁ በለመደው ቋንቋ እንዲደረግ የሚያዘው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ከመጀመሪያው የሚከፋ ይመስለኛል። ልጁ ሦስት ዓመት ሞልቶት አይናገርም፤ ስሙን ሲጠሩት አይዞርም። መምህሩ «ሁለት ቋንቋ ስለሚሰማ ነው» ይላል፤ አያትም በስልክ «አባቱም የተናገረው በአራት ዓመቱ ነው፤ ወንድ ልጅ ይዘገያል» ትላለች። በዚህ መካከል ከሁሉ የሚጠቅመው ጊዜ ያልፋል። መለያው ግን አስቸጋሪ አይደለም። የቋንቋ እንግድነት ብቻ ያለበት ልጅ በአማርኛ ያወራል፤ በእንግሊዝኛ ነው የሚጨነቀው። የእውነት ጉዳት ያለበት ልጅ ግን በሁለቱም ይቸገራል። ስለዚህ «በቤት እንዴት ይናገራል?» የሚለው ጥያቄ ከማንኛውም መመርመሪያ ይበልጣል፤ ለዚህም ምስክሯ እናት ናት።

ከዚህ ጋር አንድ የቆየ ምክር አለ፤ አንዳንድ ሰዎች ለወላጅ «አማርኛውን ተዉትና በእንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት» ይላሉ። ምርመራዎች ይህን አይደግፉም። ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር ጉዳት አያመጣም፤ ያለውንም አያባብስም። እንግሊዝኛዋ የተሰባበረ እናት በተሰባበረ ቋንቋ ብቻ ስታናግረው ልጁ የሚያጣው ተረቱን፣ ምርቃቱንና ከእናቱ ጋር የሚጫወትበትን አፍ ነው።

ልጅን መሸሸግ በባሕር ማዶ ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም። የኦቲዝም ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማእከልን ሲያቋቁሙ የጀመሩት በአራት ልጆች ነበር። በ2021 እስካረፉ ድረስ በየአደባባዩ ደጋግመው ለወላጆች ይነግሩ የነበረው ልጃችሁን ከቤት አውጡ የሚል ነበር። ያ ማእከል የግል በጎ አድራጎት ሥራ ነው፤ ከላይ የዘረዘርነው የአሜሪካው ዓይነት ሕጋዊ ግዴታ የወለደው አይደለም። አራት ልጆችን ግን ማንም ባለ ሠንጠረዥ ትምህርት ቤት ብሎ አይቈጥራቸውም ነበር።

ዘመድ በባሕር ማዶ ያለው አንባቢ በሚቀጥለው የስልክ ጊዜ ሊያስታውሳቸው የሚችሉ ጥቂት ነገሮች አሉ። ጥርጣሬ ያለው ወላጅ ልጁ ገና መደበኛ ትምህርት ቤት ባይገባም ለአውራጃው ማመልከት ይችላል፤ ማመልከቻው አጭርና ቀን የተጻፈበት ይሁን፤ ቅጂውም በእጁ ይቅር። ለስብሰባው አስተርጓሚ መጠየቅ መብቱ ነው፤ ታላቅ ወንድሙን ወይም እኅቱን አስተርጓሚ አድርጎ ማስቀመጥ ግን አይገባም፤ ሕፃን ልጅ ስለ ወንድሙ ጉዳት ለእናቱ እንዲናገር ማድረግ ነውና። ያልገባውን ወረቀት በስብሰባው ላይ እንዲፈርም የሚያስገድደው የለም፤ ወደ ቤቱ ወስዶ አስነብቦ መመለስ ይችላል። ስድሳው ቀን የሚቈጠረው ማመልከቻው ከገባበት ሳይሆን ወላጁ ለምርመራው ፈቃዱን በፊርማ ከሰጠበት ዕለት አንሥቶ ስለ ሆነ፣ የፈቃዱ ወረቀት በፖስታ እስኪመጣ ከመጠበቅ ይልቅ ራሱ ሄዶ ቢጠይቅ ይሻለዋል።